ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ እሁድ ተነስቼ እደርሳለሁ? (ከአፒያ ወደ ፓጎ ፓጎ)

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 2፣ ጠዋት
ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ያስቃችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

የምኖረው ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ነው። አሁን ለአንድ ወር ሥራ ሳሞአ መጥቼ አፒያ ነው ያለሁት። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ወንድሟን ልትድር ነው። ሰርጉ ጎረቤት ባለችው የአሜሪካ ግዛት፣ አሜሪካን ሳሞአ ውስጥ፣ ፓጎ ፓጎ ነው፤ ቅዳሜ ጥር 17፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። በጥር ወር ሰርግ ተጠርቼ ቀረሁ ብል እናቴም አትምረኝ።

ግራ የገባኝ ሁለት ነገር ነው። ርቀቱን ስፈልግ አንዱ ገጽ 81 ይላል፣ አንዱ 94፣ ሌላው 151። ይሄ አንድ። ሁለተኛው፣ ልጅቷ «ቅዳሜ ካልተመቸሽ እሁድ ጠዋት ተነሺ፤ ትደርሻለሽ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ቤት ገብቼ የትኬት ገጹን ስከፍት «መነሻ ቅዳሜ 10፡00፣ መድረሻ ዓርብ 10፡40» ይላል። ገጹ ተበላሽቶ ነው?

የጉለሌ_ልጅ | ጥር 2
ተበላሽቶ ነው፤ ሌላ ገጽ ሞክሪ። 40 ደቂቃ በርሮ ትናንት የሚያደርስ አውሮፕላን ካለ ለእኔም አንድ ወንበር ያዢልኝ። ትናንት ያበደርኩት ብር አለ።

ቸርነት_ዲሲ | ጥር 2
እኔ አንድ ትልቅ የትኬት መፈለጊያ ላይ ሞከርኩልሽ። ከአፒያ ኦክላንድ፣ ከኦክላንድ ሆኖሉሉ፣ ከሆኖሉሉ ፓጎ ፓጎ ይላል። መንገድ ላይ ሁለት ቀን ገደማ። ዋጋውን አልነግርሽም፣ ሰርጉን ትተይዋለሽ። ምን ያህል ቢራራቁ ነው?

ሒሳብ_አይሞትም | ጥር 2
ቸርነት፣ እሱን መንገድ ደመርኩት። አፒያ ኦክላንድ 2,900 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ኦክላንድ ሆኖሉሉ 7,000 እና ትንሽ፣ ሆኖሉሉ ፓጎ ፓጎ 4,200 አካባቢ። ጠቅላላ 14,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጎረቤት ቤት ቡና ለመጠጣት በሞያሌ ዞሮ እንደ መምጣት ነው።

እውነተኛውን ርቀት ራሳችን እናውጣው። የአፒያው አውሮፕላን ማረፊያ ፋሌኦሎ ይባላል። ኬክሮሱ ደቡብ 13.83፣ ኬንትሮሱ ምዕራብ 172.01 ዲግሪ። የፓጎ ፓጎው ታፉና የሚባል ቦታ ላይ ነው፤ ደቡብ 14.33፣ ምዕራብ 170.71። ልዩነቱ ወደ ደቡብ 0.5፣ ወደ ምሥራቅ 1.3 ዲግሪ። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። በፓይታጎረስ ሳወጣው 155 ኪሎ ሜትር መጣልኝ። 81ም 94ም ስህተት ናቸው ማለት ነው።

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 3
ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የበረራ ዲስፓቸር ነኝ፤ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት መንገዱንና ሰዓቱን የሚያሰላው ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ይሄን ነው የሠራሁት፤ እስቲ ልግባበት።

ሒሳብ_አይሞትም፣ አካሄድህ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን ዘለልክ። 111 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ስትሄድ ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ግን ኬንትሮሶቹ ከምድር ወገብ በራቅህ ቁጥር ይቀራረባሉ። ልክ እንደ ብርቱካን ብልት ነው፤ ሆዱ ላይ ሰፊ፣ ጫፉ ላይ ሹል። በ14 ዲግሪ ላይ በ0.97 ታባዛለህ። 1.3 ወደ 1.26 ይወርዳል፤ እሱ 140 ኪሎ ሜትር ነው። የደቡቡ 55.5። አሁን ፓይታጎረስህን ድገመው።

ሒሳብ_አይሞትም | ጥር 3
150.6። ተሸነፍኩ ጋሼ። ሦስተኛው ገጽ ልክ ነበር።

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 3
ሦስቱም ልክ ናቸው። 151 በኪሎ ሜትር ነው። 94 በየብስ ማይል ነው፤ አንዱ 1.609 ኪሎ ሜትር። 81 በባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። አብራሪና መርከበኛ የሚያወራው በባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል በኬክሮስ ላይ ከአንድ ዲግሪ ስድሳኛው ስለሆነ፣ ካርታ ላይ በኮምፓስ መለካት ይቀላል። ገጾቹ መለኪያውን በትንሽ ፊደል ጥግ ላይ ያስቀምጡና ሰው ቁጥሩን ብቻ ያያል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰናይት፣ በዚያ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ የምትሠራው ትዊን ኦተር የምትባል ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት። ካናዳ የተሠራች፣ 19 ሰው ገደማ የምትጭን። የእኛም አየር መንገድ ድሮ ለአገር ውስጥ ይጠቀምባት ነበር፤ ጥርጊያ አፈር ላይ እንደ ፍየል ነው የምታርፈው። በሰዓት 150 የባሕር ማይል አካባቢ ትሄዳለች። 81 ለ150 ስታካፍዪ 32 ደቂቃ ነው። መንደርደሪያውን፣ መውጣትና መውረዱን ስትጨምሪበት 40 ደቂቃ። ትኬትሽ ላይ ያለው 10፡00 እና 10፡40 ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ቀኑም ልክ ነው። ቅዳሜ ተነስተሽ ዓርብ ትደርሻለሽ።

የጉለሌ_ልጅ | ጥር 3
ጋሼ በእውነት? ወይስ እርስዎም ተደባልቀው ነው?

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 3
አልተደባለቅኩም። ሳሞአ ሰዓቷ ከግሪንዊች (የዓለም ሰዓት ከሚቆጠርበት መነሻ) 13 ሰዓት ይቀድማል። አሜሪካን ሳሞአ ከግሪንዊች 11 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስትደምሩት 24 ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት በሁለቱም ደሴት አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው የቀን መቁጠሪያው ነው። በመሃላቸው የቀን መለወጫ መስመር ያልፋል።

ሰናይት፣ ካልገባሽ የእናትሽን ሰዓት ያዢ። እናትሽ የት ናቸው?

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 3
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ።

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 3
በጣም ጥሩ። አዲስ አበባ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች። አንቺ አፒያ ላይ ቅዳሜ ጠዋት በእኛ 4 ሰዓት ስትነሺ፣ ኮልፌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ፓጎ ፓጎ ስታርፊ ኮልፌ ከሌሊቱ 6፡40 ይሆናል። እናትሽ ነቅተው ከሆነ 40 ደቂቃ ብቻ ነው ያለፈባቸው። ቀኑንም ብትጠይቂያቸው «ዓርብ ሌሊት» ነው የሚሉሽ፤ በእኛ አቆጣጠር ገና አልነጋማ። አንቺ ቅዳሜ፣ ፓጎ ፓጎ ዓርብ፣ እናትሽ ዓርብ ሌሊት። ያው አንዲቱ ደቂቃ ናት።

የበረራ ርዝመት ስታወጪ መነሻና መድረሻውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ለውጪ። እኛ የግሪንዊችን ነበር የምንይዘው፤ የኮልፌም ይሠራል።

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 3
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በኮልፌ ሰዓት ሲሆን ወለል ብሎ ገባኝ።

ኮምፓስ | ጥር 4
ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ብዙ ሰው የቀን መለወጫው መስመር 180ኛው ኬንትሮስ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ይመስለዋል። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እዩዋቸው፤ አፒያ 172 ምዕራብ፣ ፓጎ ፓጎ 171 ምዕራብ። ሁለቱም ከ180 ወዲህ፣ በአንድ ወገን ናቸው። አውሮፕላኑ ወደ 180 አይቀርብም፣ እንዲያውም የሚሄደው ከእሱ እየራቀ ነው። ነገሩ የተፈጥሮ መስመር ስላልሆነ ነው። እያንዳንዱ አገር የትኛውን ቀን መቁጠር እንደሚፈልግ ራሱ ይወስናል፤ መስመሩ ደግሞ እሱን ተከትሎ ይጣመማል።

ሳሞአ ሁለቴ ቀይራለች። መጀመሪያ በ1892 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጋር ለሚነግዱት እንዲመች ወደ አሜሪካ ወገን ዞረች። ያኔ አንድ ቀን መድገም ነበረባቸው፤ ጁላይ 4ን ሁለቴ ዋሉት፣ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ቀን ነውና። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲያ ቆዩ። በኋላ ንግዱ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ሆነ። አፒያ ዓርብ ሲሆን ኦክላንድ ቅዳሜ ነው፣ ቢሮ ዝግ። አፒያ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሲድኒ ሰኞ ሥራ ገብታለች። በሳምንት የሚገናኙበት የሥራ ቀን አራት ብቻ ቀረ። ስለዚህ በ2011 መጨረሻ ላይ ወደ ቀድሞው ወገን ተመለሱ። ሐሙስ ዲሴምበር 29 ማታ ተኝተው ቅዳሜ ዲሴምበር 31 ነቁ። ዓርብ የሚባል ቀን አልነበረም። ደመወዙ ግን አልተቆረጠም፣ መንግሥት የዓርብን ይከፈል ብሎ ነበር።

አሜሪካን ሳሞአ ባለችበት ቀረች፤ ንግዷም ሕጓም ከአሜሪካ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ይሄ በረራ እንደ ማንኛውም የ40 ደቂቃ በረራ ነበር።

ማርታ_ዱባይ | ጥር 4
ቆይ ቆይ። ዓርብ ጠፋ ማለት የዓርብ ጾምም ቀረ? እንዲህ ያለ አገር እያለ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?

ቸርነት_ዲሲ | ጥር 4
ማርታ አትቸኩዪ። ዲሴምበር 30 ቀን 2011 በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ነው። የነቢያት ጾም ውስጥ ነበርን። ሐሙሱም ቅዳሜውም ጾም ነው፤ ዓርቡ ቢጠፋም አላመለጥሽም።

ማርታ_ዱባይ | ጥር 4
😂 አንተ ሰው ምን ዓይነት ሒሳብ ነው የምትይዘው።

የጉለሌ_ልጅ | ጥር 5
እሺ አመንኩ። አሁን ከባድ ጥያቄ አለኝ። እየተመላለሱ በየቀኑ ወደ ትናንት ቢበሩስ? ሰው አያረጅም ማለት ነው?

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 5
ለመመላለስ መመለስ አለብህ ልጄ። ፓጎ ፓጎ ሰኞ ተነስተህ አፒያ ማክሰኞ ትገባለህ። በሄድክበት ያገኘኸውን ቀን በመጣህበት ይወስዱብሃል። የምትከስረው የትኬቱን ብር ነው።

የጉለሌ_ልጅ | ጥር 5
ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ግን ወደ ምዕራብ የሚበር ይፈጥናል አይደል? መድረሻው ወደ እሱ ስለሚመጣ። እሱን እንኳ ትምህርት ቤት ነው የሰማሁት።

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 5
ይሄን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ስንት ሰው ጠየቀኝ መሰለህ። አይፈጥንም። አየሩም አውሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ነው የሚዞሩት። አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ ብትራመድ የኋላው ወንበር እየሮጠ አይመጣልህም።

የሚለየው ነፋሱ ነው። በዚያ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ከአፒያ ወደ ፓጎ ፓጎ የሚሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ነፋሱ በሰዓት 15 የባሕር ማይል ነው እንበል። በሄዱበት 150 ሲቀነስ 15፣ 135 ይሆናል፤ 36 ደቂቃ። በተመለሱበት 165፤ 29 ደቂቃ ተኩል። ስድስት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ርቀቱ አጭር ስለሆነ። ረጅም መንገድ ላይ ግን ይሄው ነፋስ ሰዓት ይበላል። በጥር ደግሞ እዚያ የዝናብና የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ሰናይት ከደቂቃው ይልቅ ለመዘግየቱ ተዘጋጂ።

ኮምፓስ | ጥር 5
ለሰናይት አንድ ማሳሰቢያ። አንዳንድ ገጽ ላይ የሁለቱ ልዩነት 25 ሰዓት ተብሎ ብታገኚ አትደንግጪ። ሳሞአ በሞቃቱ ወራት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋ ነበር፣ የበጋ ሰዓት የሚሉትን፤ በ2021 ተወችው። አሜሪካን ሳሞአ ድሮም አትነካውም። አሁን ዓመቱን ሙሉ 24 ነው። ያልታደሰ ገጽ አምኖ በአንድ ሰዓት አውሮፕላን ማጣት አለ።

ሆኖሉሉ_ነኝ | ጥር 6
የደሴት በረራ ከተነሳ እኔም አለኝ። ሃዋይ ነው የምኖረው። ከሆኖሉሉ ጓም ቀጥታ 6,100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ስምንት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን እልኸኛ ነኝና «ደሴት ዘላዩ» የሚሉትን ዩናይትድ 154ን ያዝኩ። ማጁሮ፣ ክዋጃሊን፣ ኮስራይ፣ ፖንፔይ፣ ቹክ፣ ከዚያ ጓም። አምስት ቦታ ያርፋል። ከ14 ሰዓት በላይ ነው የፈጀብኝ፤ ጨለማ ተነስቼ ጨለማ ገባሁ፣ ያውም በማግስቱ።

ሰው የሚገረመው በርዝመቱ ነው፤ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። መካኒክ ከነዕቃው አብሮን ተሳፍሯል። አንዱ ደሴት ላይ አንድ ነገር ቢሰበር ጋራዥ የለማ! ክዋጃሊን የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው መውረድ አይችልም፣ ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ማጁሮ ላይ ስንወርድ በመስኮት በግራም በቀኝም ባሕር ነው የሚታየው፤ መሬቱ የት እንዳለ ጎማው እስኪነካ አታውቅም። እግዚኦ ያልኩት ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ጎኔ ያለችው አሮጊት እጄን ያዘችኝ።

የደረስኩበት ርቀት ያው ነው። የመንገዱ ሰዓት እጥፍ ገደማ። እና ሰናይት፣ ርቀት አይተሽ ጉዞ አትገምቺ።

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 6
ወይኔ፣ ደስ ሲል። አሁን ጥያቄዬ ትኬቱ ነው። ቅዳሜ ልሂድ ወይስ እሁድ? እሁድ በ10፡00 ብነሳ ቅዳሜ 10፡40 እገባለሁ፤ ሰርጉ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቅዳሜ እዚህ ሥራም አለኝ።

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 6
ልጄ፣ በዝናብ ወቅት፣ በትንሽ አውሮፕላን፣ በሰርጉ ዕለት? እኔ ብሆን አልነካውም። አንድ በረራ ቢሰረዝ አለቀ። ደግሞ ሳሞአ ላይ እሁድ ማለት እሁድ ነው፣ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ታክሲም እንደ ልብ አታገኚም። ቅዳሜ ተነሺና ዓርብ ግቢ። አንድ ሙሉ ቀን በእጅሽ ይኖራል።

ሌላው፣ 40 ደቂቃውን ጉዞ አትበዪው። ፋሌኦሎ ከአፒያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በባሕሩ ዳር ከመንደር መንደር ስለሚያልፍ ቀስ ተብሎ ነው የሚኬደው። ሁለት ሰዓት ቀድመሽ መገኘት አለብሽ። እዚያ ስትደርሺ ኢሚግሬሽን አለ። ከበር እስከ በር አምስት ሰዓት ያዢ።

ቸርነት_ዲሲ | ጥር 6
ኢሚግሬሽን ሲባል ትዝ አለኝ። አሜሪካን ሳሞአ የአሜሪካ ግዛት ብትሆንም የራሷ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው ያላት። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው በዚያ ብቻ አይገባም። በምን ፓስፖርት እንደምትሄጂ አላውቅም፤ የመግቢያ ፈቃዱን ግን ከወዲሁ ጠይቂ። ጋባዦችሽ እዚያ ስላሉ እነሱ ይጀምሩልሽ።

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 7
የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ዛሬውኑ ጠየቅኩ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ጀምረውልኛል። ቸርነት ባትነግረኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ትኬቱን ለቅዳሜ ቆረጥኩ። ስልክ ላይ የመዘገበችኝ ልጅ ስንት ኪሎ ነሽ አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?

ማርታ_ዱባይ | ጥር 7
ምን? የሻንጣ ሳይሆን የሰው?

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 7
የሰው። በትልቅ አውሮፕላን አማካይ ክብደት ይያዝና ይሰላል፤ 200 ሰው ሲሆን ቀጭኑና ወፍራሙ ይቻቻላል። 15 ሰው ሲሆን ግን አይቻቻልም። ማን ፊት፣ ማን ኋላ እንደሚቀመጥ ካልታወቀ አውሮፕላኗ ሚዛን ትስታለች። እንዲያውም በ2013 ሳሞአ ኤር የሚባል ትንሽ አየር መንገድ ትኬቱን በተሳፋሪው ኪሎ መሸጥ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አንቺን ግን ኪሎ የጠየቁሽ ለሚዛኑ ነው፤ አትቀንሺ፣ እውነቱን ንገሪ።

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 7
አምስት ቀንሼ ነው የነገርኳት 🙈

አወያይ | ጥር 12
እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ክሩ ከርዕሱ እየወጣ ነው፤ የክብደት መቀነሻ ምክሮችን ወደ ጤና ክፍል አዛውሬያለሁ። ሰናይት ስትመለስ እንድትጽፍ ክፍት ትቼዋለሁ።

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 22
ተመልሻለሁ! ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ቅዳሜ ጥር 17 ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከአፒያ ወጣሁ። መንገዱ ጋሼ እንዳሉት ነው። አሳማ ይሻገራል፣ ሕፃናት ይሻገራሉ፣ በየመቶ ሜትሩ አንድ ነጭ ቤተ ክርስቲያን። ሾፌሩ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ፓጎ ፓጎ» ስለው «ፓንጎ ፓንጎ» ብሎ አረመኝ። በእነሱ ቋንቋ «ጂ» ፊደል «ንግ» ነው የሚነበበው። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ታረሙ።

ፋሌኦሎ ላይ ሚዛኑ እንደ እህል መጋዘን ሚዛን መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። የእጅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁበት። ቁጥሩ ለሠራተኛዋ ብቻ ሳይሆን ከኋላዬ ለተሰለፈውም ይታያል። ልጅቷ ወረቀቷን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በእስክሪብቶ አንዱን ቁጥር ሰርዛ ሌላ ጻፈች። ምንም አላለችም። ከእኔ ቀጥሎ የነበሩት ሰውዬ በመጠን ሁለት እኔን ያህላሉ፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ እየሳቁ ነበር። እነሱ በዚህ አያፍሩም፤ የማፍረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ጣሪያው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም። አንድ ሰዓት ከሃያ ቆየን። እሁድ ቆርጬ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ጋሼን መረቅኩ። በእነሱ ሰዓት 11፡20 ላይ ተነሳን።

በአብራሪዎቹና በእኛ መካከል በር የለም። አንደኛው ዞር ብሎ ቀበቶ እሰሩ አለን፤ በማይክ አይደለም፣ በአፉ። እኔ ሦስተኛ ረድፍ፣ ሰውዬው መሃል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ከታች ውሃው ዳር ዳሩ ላይ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ። ደመና ውስጥ ስንገባ ሁለት ጊዜ ወርዳ ወጣች። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ ጎማው ከተነሳ እስኪነካ 34 ደቂቃ። መሬት ላይ የተንደረደርነውን ሳይጨምር ነው።

ታፉና ላይ ስንወርድ ማኮብኮቢያው ማለቂያ የለውም፤ ለትልልቆቹ ጄቶች የተሠራ ነው፣ የእኛዋ ጥጉ ላይ ነው ያረፈችው። ኢሚግሬሽኑ ማኅተሙን ሲመታ አየሁት። ጃኑዋሪ 24። የመውጫው ማኅተም ጃኑዋሪ 25 ነው። ፓስፖርቴ ላይ ከመውጣቴ በፊት ገብቻለሁ።

ስልኬ ራሱን አስተካከለ። 12፡02፣ ዓርብ። ከዚያ ነው የደነገጥኩት። ያን ዕለት ጠዋት፣ ቅዳሜ ነው ብዬ፣ እንቁላል ፍርፍር በልቼ ነው ከቤት የወጣሁት። አሁን ደግሞ ዓርብ ነው፤ ጥር 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ትናንት ዓርብን በሥርዓቱ ጾሜያለሁ። ገደፍኩ ወይስ አልገደፍኩም?

ማርታ_ዱባይ | ጥር 22
የእንቁላሉ ነገር 😂😂😂

ሒሳብ_አይሞትም | ጥር 22
አንድ ዓርብ ጾመሻል፣ ግዴታሽም አንድ ዓርብ ነው። ሒሳቡ ተዘግቷል።

ቸርነት_ዲሲ | ጥር 22
አይ፣ ሰው ያለበትን አገር ቀን ነው የሚይዘው። ስትበዪ የነበርሽበት ቦታ ቅዳሜ ነው፣ ስለዚህ አልገደፍሽም። ከወረድሽ በኋላ ግን ዓርብ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ነበረብሽ። ቆየሽ?

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 22
ቆየሁ። በረሃብ አይደለም የከበደኝ። የሙሽራው እናት እቤት ስገባ የተቀቀለ ዓሣ ከኮኮናት ጋር አቀረቡልኝ። ዓርብ ነው አልኳቸው። «ትናንት ዓርብ አልነበረም እንዴ፣ እናንተ ጋ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 22
እኔ ስለ ነፋስና ስለ ርቀት እንጂ ስለዚህ አልመልስም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሰርጉስ?

ሰናይት_ኦክላንድ | ጥር 23
ሰርጉ ቃል የለኝም። ዘፈኑ፣ ምግቡ፣ የተነጠፈው ጥልፍ ምንጣፍ። የእኛን ሰርግ የሚመስል ነገር አለው፤ ማንም ሰው ሳይበላ አይለቀቅም።

ስመለስ ሰኞ ጠዋት 8፡00 ላይ ተነስቼ ማክሰኞ 8፡35 ገባሁ። ጋሼ የነፋሱን ያሉት ልክ ነው፤ 29 ደቂቃ ነው አየር ላይ የነበርነው። በቀጥታ ሥራ ሄድኩ። አለቃዬ «የሰኞ ዕረፍትሽ እንዴት ነበር?» አለኝ። ሰኞ የኖርኩት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ እሱንም ሰልፍ ላይ።

እናቴ ደውላ ነበር፤ ሁሉንም ነገርኳት። ቅዳሜ ተነስቼ ዓርብ እንደደረስኩ፣ ማኅተሙን፣ ፍርፍሩን። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ሌሊቱን ነው የሄድሽው፣ ከ7 ሰዓት በኋላ?» አለች። አዎ አልኳት። «እኮ፣ ያን ጊዜ ነቅቼ ነበር» አለችኝ።

ታራዋ_ናፋቂ | ጥር 24
ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ክሩን አንብቤ ጨረስኩት። እኔ ከታራዋ ወደ ኪሪቲማቲ መሄድ አስቤ ነበር። ሁለቱም ኪሪባቲ የሚባል አንድ አገር ውስጥ ናቸው፤ ቀኑም አንድ ነው። ቅርብ ናቸው አይደል?

ጋሽ_ዲስፓቸር | ጥር 24
አንድ አገር ናቸው። ቀጥታው 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ካለው መንገድ ከአምስት አራት እጁን ያህላል። ለብዙ ዓመት ደግሞ ሰው በፊጂ ዞሮ ነበር የሚሄደው፤ ወደ ደቡብ 2,200 ወርዶ፣ ከዚያ 3,500 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጥቶ። አዲስ ክር ክፈትና የምትነሳበትን ቀን ጻፍልኝ። ማታ እገባለሁ።